የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ በግላቸው የሚሠሩ ራፐሮች ዘፈን ሲለቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሳሪስ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ ሚክስ (የተቀዱ ድምፆችን የማመጣጠንና የማዋሃድ ሥራ) መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ዓይነት ስልክ ደጋግሞ ይደወልልኛል። «ብሮ፣ ዘፈኔን ከዩቲዩብ ላይ አነሱብኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚደውለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጎበዝ ነው። ድምፅ አለው፣ ግጥም ያውቃል፣ ሰፈሩ ይወደዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ቢቱን (የሚዘፍንበትን ሙዚቃ) የሠራው የማያውቀው ሰው ነው፣ አካውንቱ በአክስቱ ልጅ ስም ነው፣ ፍሎዉ (ቃሉ በምቱ ላይ የሚፈስበት መንገድ) የአትላንታ ነው፣ ጉራው ሳይቀር የሌላ አገር ነው። ልጁ ዘፈኑን በውሰት ልብስ አልብሶ ለሠርግ ልኮታል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ሠርጉ መሐል መጥተው ያስወልቁታል። ከታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ቢያንስ ሦስቱን እኔም በጊዜዬ ሠርቻቸዋለሁ።

«ፍሪ» የሚል ቢት ነፃ መስሎ መታየቱ

ዩቲዩብ ላይ የአንድ ታዋቂ ራፐር ስም ጽፋችሁ «ታይፕ ቢት» ብትጨምሩበት የቢት ጎርፍ ይመጣል። ብዙው ላይ «ፍሪ» የሚል ቃል ተለጥፏል። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ «ገንዘብ እስካላገኘህበት ተለማመድበት» ማለት ነው እንጂ «ወስደህ ሽጠው» ማለት አይደለም። ቢቱን የሠራው ሰው ሁኔታውን ከቪዲዮው ሥር ይጽፈዋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ዘፈኑ ስፖቲፋይ ወይም አፕል ሙዚክ ላይ የወጣ ዕለት፣ ወይም ማስታወቂያ የገባበት ዕለት፣ ነፃነቱ ያበቃል።

ከፍሎ የወሰደውም ቢሆን ሁልጊዜ ገዝቶታል ማለት አይደለም። ሊዝ ማለት ኪራይ ነው። ያንኑ ቢት ናይሮቢ ያለ ልጅም ፓሪስ ያለ ልጅም ተከራይቶት ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው አንዱ ዘፈኑን ኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የባለመብቶችን ድምፅ የሚለይበት መዝገብ) ውስጥ ካስገባ፣ የዩቲዩብ ሲስተም የእናንተን ዘፈን ሰምቶ «ይሄ የእሱ ነው» ይላል። ያን ጊዜ የሚያድናችሁ ደረሰኝና የሊዙ ውል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ውሉ ላይ የተፈቀደውን የአድማጭ ብዛትም እዩ፤ ርካሹ ሊዝ ብዙውን ጊዜ ጣሪያ አለው፣ ዘፈኑ ከመታ ውሉን ማሳደግ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ የእኔ የግል ቁጣ ነው፦ ኤምፒስሪ (ሁሉም ድምፅ አንድ ላይ የተቀላቀለበት ፋይል) ብቻ ይዛችሁ መጥታችሁ «ከበሮውን ቀንስልኝ» አትበሉኝ። የበሰለ ወጥ ውስጥ የገባን ጨው መልሶ እንደማውጣት ነው። ትራኮቹ ተለያይተው የሚመጡበትን ሊዝ ውሰዱ።

እዚሁ ካለ ፕሮዲውሰር ጋር ሲሠራ ደግሞ ስህተቱ መልኩን ይለውጣል። «ጓደኛዬ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል?» ይባላል። ዘፈኑ ካልመታ በእርግጥ አያስፈልግም፤ የሚያጣላ ነገር የለማ። ሲመታ ግን ቢቱን የሠራው «ግማሹ የኔ ነው» ይላል፣ የዘፈነው «5 ሺህ ብር ሰጥቼሃለሁ» ይላል፣ ሁለቱም የምራቸውን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመብት ዝውውር በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏልና ሁለቱን አብራችሁ ፈልጋችሁ አንብቡ። ጠበቃ መቅጠር ባትችሉ እንኳ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ቢቱ የማን ነው፣ ገቢው በስንት በስንት ይከፈላል፣ የማን ስም የት ይጻፋል፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ሁለት ምስክር።

የድሮ ካሴት ቆርጦ ስለመጠቀምም አንድ ነገር ልበል። «የድሮ ነው፣ የሁላችን ነው» የሚለው አነጋገር ያምራል፤ ሕጉ ግን የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ድምፁን የቀዳው አሳታሚም የራሱ የ50 ዓመት መብት አለው። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት አልበም የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ሲጠቀሙ ዓለም ወደ እኛ ዞሮ አዳምጧል። እንደዚያ ማድረግ ይቻላል፣ ባለቤቱን ጠይቆ። ከዚያ የሚቀለው ግን አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለግማሽ ቀን ስቱዲዮ ጠርቶ አዲስ ዜማ ማስጫወት ነው። ሂሳቡም ከክስ ይረክሳል፣ ድምፁም የራሳችሁ ይሆናል።

አማርኛውን በእንግሊዝኛ ልክ መስፋት

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ሰው የሚናገርበት ግን እምብዛም ነው። አንድ ልጅ ከአሜሪካ ራፕ የሰማውን ፍሎው ይወስድና የአማርኛ ቃላት ይሞላበታል። ምቱ ይገጥማል፣ ቃሉ ግን ይሰበራል። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። «ይበላል» ሲላላ በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ የሚበላው እሱ ራሱ ነው። ፍሎዉ እንዲገጥምለት ብሎ ያለቦታው ያጠበቀ ራፐር በሰፈሩ ላይ ሲፎክር ራሱን አስበልቶ ይወጣል። እንዲህ ያለ መስመር ቀድቼ አውቃለሁ፤ ስቱዲዮ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ስንስቅ ልጁ ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ደቂቃ ፈጅቶበታል።

መፍትሔው ግጥሙን ያለ ቢት፣ እንደ ወሬ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። አፋችሁ በተፈጥሮ የሚያጠብቀውን ቦታ አስምሩበት። ከዚያ ፍሎዉን በዚያ ላይ ሥሩ። ቢቱ ለቃሉ ይጠብብ እንጂ ቃሉ ለቢቱ አይጠማዘዝ።

ሁለተኛው የቋንቋ ወጥመድ ቤት መምቻው ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚዘጋ፣ «እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ፣ እሠራለሁ፣ እነግሣለሁ» እያሉ 16 ባር (የራፕ መስመር) መሙላት ይቻላል። ያ ግን ሰዋስው በነፃ የሰጠው ቤት ነው፤ ገጣሚው ምንም አልደከመም፣ አድማጩም ከሦስተኛው መስመር በኋላ መጪውን ያውቀዋል። የድሮ ገጣሚዎች ግሡን ወደ መሐል አስገብተው በስም ይደፉ ነበር። በሻይ ሰዓት የሞነጫጨርኩትን ሁለት መስመር እዩልኝ፦

ከሰፈር ሲሸኘኝ ያሳደገኝ መንገድ፣
ጫማዬ አለቀ እንጂ አልራቀኝም ገድ።

ትልቅ ግጥም ነው አላልኩም። ግን «መንገድ» እና «ገድ» የተገናኙት ፈልጌያቸው ነው።

ጉራውም እንደዚሁ ነው። ሚኒባስ ተሰልፎ መጥቶ ማይክ ፊት ስለ ላምቦርጊኒ የሚያወራ ልጅ ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ከኋላው ሽለላና ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ አዝማሪው «ተቀበል!» ሲባል ከአፍ ነጥቆ የሚመልሰው ግጥም አለለት። ራስን ማወደስና ባላንጣን መንቀፍ ከማንም አልተበደርንም። ራፐሩ ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን» ብሎ ሲመጣ ጆሮ የያዘው የጉራጌን ምት ስለያዘ ነበር። ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ስለ ወረፋው መፎከር ይችላል፤ ደግሞም ያስቃል።

ዛሬ ቀድቶ ዛሬ ማታ መልቀቅ

ዘፈን የአጫዋች ዝርዝር ለሚያዘጋጁት የስፖቲፋይ አርታዒዎች እንዲቀርብ ከመውጫው ቀን ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት። አከፋፋዩ ድርጅት (ዘፈናችሁን ወደ ስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚያደርሰው) የሚፈልገውን ጊዜ ጨምሩበትና ሦስት አራት ሳምንት ያዙ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ሦስት ሳምንት መታገሥ ለራፐር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ትኩስ ዳቦ በኪስ ይዞ እንደመሄድ ነው።

ቀን ስትመርጡ የእኛን ዓመት አስቡ። ትላልቆቹ ዘፋኞች አልበማቸውን ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ያቆያሉ፤ በዚያው ሳምንት ነጠላ ዜማ የሚለቅ ጀማሪ መርካቶ መሐል ቆሞ እንደማንሾካሾክ ነው። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። በዚያ ወቅት የጭፈራ ዘፈን መልቀቅ ኮሜንት ላይ ስድብ መጥራት ነው፤ ረጋ ያለ፣ የሚያሳስብ ዘፈን ግን ያን ጊዜ ጆሮ ያገኛል። ትላልቆቹ ዝም ያሉበት ወቅት ስለሆነ እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ።

ሰዓቱም ያሳስታል። አንዱ ደንበኛዬ ፖስተሩ ላይ «12፡00» ብሎ ለጠፈ። እሱ የስልኩን ሰዓት፣ ማለትም የእኛን እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ነበር ያሰበው። ተከታዮቹ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሊንክ ሲፈልጉ አመሹ፤ ግማሾቹ ተናደው ተኙ። አከፋፋዩ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ መለኪያ የሚያስሞላ ከሆነ ደግሞ ዜሮ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቀኑንም ሁለቴ ቁጠሩ፦ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን 12 ላይ ነው።

በሰው አካውንት መኖር

ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የባንክ ሂሳብና ካርድ ስላለው አከፋፋዩ ጋር በስሙ ይመዘግባል፤ የዩቲዩብ ቻናሉንም እሱ ይከፍታል። በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። ከዚያ ሥራ ይበዛበታል፣ ስልክ ይቀይራል፣ ወይም ይኳረፋሉ። ልጁ አዲስ ዘፈን ይዞ ይቀራል፣ በር የለውም።

ዘመድ አትጠቀሙ አልልም፤ ለብዙዎቻችን ሌላ መንገድ የለም። ግን አካውንቱ የሚከፈትበት ኢሜይል የእናንተ ይሁን፣ የማረጋገጫ ኮዱም ወደ እናንተ ስልክ ይምጣ። ዩቲዩብ ላይ ለሌላ ሰው ኃላፊነት መስጠት ይቻላልና የይለፍ ቃል ማካፈል አያስፈልግም። ገንዘቡ በየስንት ወሩ እንደሚላክ፣ ዘመድየውስ ለድካሙ ስንት እንደሚይዝ በቴሌግራምም ቢሆን ተጻጻፉ። «ለኔ ምንም አልፈልግም» ቢል እንኳ ጥቂት መድቡለት፤ በነፃ የሚሠራ ሰው ሲደክመው ዝም ብሎ ነው የሚተወው።

አባቱ ኤርትራዊ የሆነው የሎስ አንጀለሱ ራፐር ኒፕሲ ሀስል በ2013 እ.ኤ.አ. «ክሬንሾ» የተሰኘውን የዘፈን ስብስቡን በኢንተርኔት በነፃ ለቅቆ፣ 1,000 የታተመ ቅጂ ብቻ አንዱን በ100 ዶላር ሸጧል። ይህን ታሪክ የሚነግሩኝ ልጆች ዋጋው ላይ ይቆማሉ። እኔን የሚገርመኝ ሥራው የራሱ መሆኑ ነው፤ በነፃ መስጠትም፣ በ100 ዶላር መሸጥም የሚችለው ባለቤት ብቻ ነው።

ስም

አጭር ላድርገው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት ይጻፋል። አንድ ዘፈን ላይ አንዱን፣ ሌላው ላይ ሌላውን የጻፈ ሰው ሁለት አርቲስት ይሆናል፣ አድማጩም ለሁለት ይከፈላል። አንዱን ምረጡና አትለውጡት። ከመምረጣችሁ በፊትም ፈልጉት፤ በዚያው ስም ብራዚል ውስጥ ሌላ ራፐር ካለ ዘፈኖቻችሁ አንድ ገጽ ላይ ይቀላቀላሉ። ዘፈኑ የሚሰጠውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር አይ ኤስ አር ሲ ኮድ (የቅጂው መለያ) ደግሞ ደብተር ላይ ጻፉት፤ አከፋፋይ ስትቀይሩ በዚያው ኮድ ካላስገባችሁት የተሰማበት ቁጥር ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

ቪው መግዛት

አትግዙ። ዩቲዩብ ሲያገኘው ይቀንሰዋል፣ ስፖቲፋይም ዘፈኑን ሊያነሣ ይችላል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስፖቲፋይ ላይ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ገንዘብ አያስገኝም። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው አንድ ሺዋን ልግዛት» የሚሉ አሉ፤ የሚያስቀጣውም እሱው ነው። ያን ብር ይዛችሁ ለኳስ ሜዳ ልጆች ሻይ ብትጋብዙና ዘፈኑን ብታስደምጡ ይሻላል።

ብሩን ሁሉ ክሊፕ ላይ ማፍሰስ

ድሮን፣ የተከራየ መኪና፣ ጭስ። ዘፈኑ ግን በስልክ ማይክ የተቀዳ። ድምፁን መጀመሪያ ጨርሱ። ማስተሪንግ (ከሚክስ በኋላ የሚሠራው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ላይ «ከሁሉ ይበልጥ ይጩህ» ማለት ጥቅም የለውም፤ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ወደ ኔጌቲቭ 14 ሉፍስ (የጩኸት መጠን መለኪያ) ገደማ መልሰው ያወርዱታል፣ የሚተርፈው የታፈነ ድምፅ ነው። ከስቱዲዮ ስትወጡ ዘፈኑን በርካሽ ስልክ ስፒከር፣ ከዚያም ባለታክሲ ጓደኛ ካላችሁ በእሱ ሚኒባስ ስሙት። ግጥማችሁ ከረዳቱ ጥሪ ላይ ተሻግሮ ከተሰማ ሚክሱ አልቋል።

መድረክ ላይ በራስ ድምፅ ላይ መዝፈን

ክለብ ተጋብዞ ሙሉውን ዘፈን አስከፍቶ በላዩ የሚጮህ ራፐር ብዙ ነው። ተመልካቹ የትኛው እውነተኛ ድምፅ እንደሆነ ይጠፋዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ አፍ ተዘግቶ ዘፈኑ ይቀጥላል። ሚክስ ሲያልቅ ከባለሙያው አራት ነገር ጠይቁ፦ ሙሉው ዘፈን፣ ቢቱ ብቻ፣ ሁክ (የሚደጋገመው ክፍል) እና አድሊቡ (ጣልቃ የሚገባው ድምፅ) ብቻ የቀረበት የመድረክ ቅጂ፣ እና ትራኮቹ ለየብቻ። በተጠየቁበት ቀን ማውጣት ለእኔ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዓመት በኋላ ስትመጡ ግን ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ የእናንተን አጥፍቼው ይሆናል፤ ደርሶብኝም ያውቃል፣ የልጁን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል።