የመዝጊያ ምሽትን ልማድ ሳይጣሉ መቀየር

ደብረ ብርሃን ላይ ልጆች ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ቫዮሊን የሚማሩበት ትንሽ ክበብ አለን። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሦስት ቅዳሜ ኮንሰርት እናዘጋጃለን፤ ሦስተኛው መዝጊያው ነው። ካቻምና መዝጊያውን ሊቀርጽ ቴሌቪዥን መጣ። እኛም ለካሜራው ብለን አንድ ልማድ ሰረዝን። ጉድ ፈላ። ሰው ገበያ ላይ እንኳ ሰላም ሊለን አልፈለገም። አምና ያንኑ ልማድ በሌላ መንገድ ቀየርነው፣ ማንም አልተቀየመም። በሁለቱ መሀል የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። የትምህርት ቤት በዓልም ሆነ የሰፈር ዝግጅት ለምታዘጋጁ ይሆናችኋል።

በዚያው ክረምት ስለ ለንደኑ ፕሮምስ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ችግሩ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ለማያውቀው፣ ፕሮምስ በ1895 (የውጭውን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የተጀመረ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። ሮበርት ኒውማን የሚባል የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅና ሄንሪ ውድ የሚባል ወጣት የኦርኬስትራ መሪ ናቸው የጀመሩት። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ቆሞ ለሚሰማ ሰው በአንድ ሽልንግ ጥሩ ሙዚቃ። ዛሬ በሮያል አልበርት ሆል ስምንት ሳምንት ያህል ይቆያል። መዝጊያው የሚውለው እኛ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን ነው። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1947 ነው። መጀመሪያ ላይ ጨዋ ኮንሰርት ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ግን ሰው ባንዲራ ያውለበልባል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከዜማው ጋር ቁጭ ብድግ ይላል፣ አብሮ ይዘፍናል። የጥምቀት ጎረምሳ ሱፍና ክራቫት አድርጎ ሆ ሲል አስቡት።

እና ይህን ምሽት መንካት ማለት ንብ ቀፎ መንካት ማለት ነው። ነክተውታል ግን፣ ደጋግመው። አንዳንዴ ተሳክቶላቸዋል፣ አንዳንዴ ተነድፈዋል።

መጀመሪያ የልማዱን ዕድሜ ጠይቁ። ሰው «ከጥንት ጀምሮ» ሲላችሁ መቼ ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። የፕሮምስ መዝጊያ ላይ «ሩል ብሪታኒያ» የሚባለው የአገር ፍቅር ዘፈን የገባው ሄንሪ ውድ የመርከበኞች ዜማዎችን ሰብስቦ ባቀናበረው ሥራ ውስጥ ሆኖ ነው። ያቀናበረው በ1905 ለትራፋልጋር የባሕር ጦርነት መቶኛ ዓመት ነበር። ለአንድ ቀን መታሰቢያ የተሠራ ነገር የየዓመቱ ልማድ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሰው የሚያውቀው ቅደም ተከተል ደግሞ የረጋው በ1950ዎቹ፣ ማልኮም ሳርጀንት ሲመራ፣ ካሜራ እያየው ነው። ቴሌቪዥን እንዲህ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳየውን ነገር ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ይመስለዋል።

የእኛም ያው ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት በመዝጊያው ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የለንም። ኪቦርዱ ጸጥ፣ ማይኩ ጸጥ፣ ልጆቹ መድረክ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ማሲንቆ ተጫዋቹ የመንዙ ጋሼ ግን ማሲንቋቸውን አላወረዱም። ያቺን ማታ ብርዱ ለጉድ ነበር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ አልነግረውም። የማሲንቆው ቆዳ በእርጥበቱ ላልቶባቸው ቀደም ብለው ከቡና አፍይዋ ፍም ላይ እያገላበጡ ሲያሞቁት አይቻለሁ። እና በዚያ በሞቀ ቆዳ፣ በጨለማ፣ ትዝታ ቅኝት ይዘው ቀጠሉ። አዳራሹ ውስጥ ደጋኑ ጭራው ላይ ሲሄድ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ከኋላ አንድ ሰው የስልኩን ባትሪ አበራ። ከዛ ሌላው። ሲጨርሱ አዳራሹ ሙሉ በስልክ መብራት ነበር።

በዓመቱ መብራት አልጠፋም። ሰው ከኋላ «መብራት አጥፉ!» ብሎ ጮኸ። አጠፋን። አለቀ፣ ልማድ ሆነ።

ለእኔ ቢጤው ሰባት ዓመት ትናንት ነው። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን የዕድሜው ግማሽ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን የምትጠይቁት «ይሄማ ትናንት የመጣ ነው» ብላችሁ ለማናናቅ አይደለም። ከምን እንደተወለደ ስታውቁ የትኛው ክፍሉ ሥሩ እንደሆነ፣ የትኛው ቅርንጫፉ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእኛው ሥሩ ዜማው አልነበረም። ጨለማው ነበር። ይህንን ካቻምና አላወቅንም።

ካቻምና ምን አደረግን መሰላችሁ? ቀራጮቹ ጨለማ አይቀረጽም አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛም ሌላ መንገድ አለ ወይ ብለን ሳንጠይቅ፣ ለጋሼ ሳንነግራቸው፣ ለታዳሚ ሳንነግር፣ መጨረሻው ላይ በደማቅ መብራት የልጆች ኅብረ ዝማሬ በኪቦርድ አስገባን። ዝማሬው መጥፎ አልነበረም፣ ልጆቹ ሁለት ወር ለፍተውበታል። ግን ሰው በዚያ ሁሉ መብራት ውስጥ ስልኩን አብርቶ ጠበቀ። አስቡት፣ ቀን የመሰለ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሰው ባትሪ ይዞ። «መብራት አጥፉ!» ሲባል እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ልጆቹ የተጮኸባቸው መስሏቸው ሁለቱ አለቀሱ። ጋሼ ማሲንቋቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ከፊት ወንበር ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ ያሉን ይህን ብቻ ነው፦ «እኔን አውጡኝ፣ ግድ የለም። ጨለማውን ግን መልሱት።»

ስለዚህ ሁለተኛው ነገር፣ ከመቀየራችሁ በፊት የመድረኩንና የታዳሚውን ለዩ። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው የአዘጋጁ ነው። ሰው ራሱ የፈጠረው የሰው ነው። ፕሮምስ ላይ ጥሩምባውን፣ ቁጭ ብድጉን፣ ባንዲራውን ያመጣው ታዳሚው ነው። ኦርጋኑ ፊት የሚቀመጠው የሄንሪ ውድ ሐውልት በ1941 በቦምብ ከፈረሰው ከድሮው አዳራሽ ፍርስራሽ የወጣ ነው። በመዝጊያው ማታ አክሊል የሚያደርጉለት ቆመው የሚሰሙት ታዳሚዎች ናቸው። ከሁሉ ያነሰ የከፈሉት እነሱ ናቸው፣ የቤቱ ባለቤት የሚመስሉትም እነሱ ናቸው። የአዘጋጁን ነገር በስብሰባ መቀየር ትችላላችሁ። የታዳሚውን ለመንካት ግን ታዳሚውን ማማከር ግድ ነው፤ አለበለዚያ የሰው ጓዳ ገብቶ ድስት እንደማማሰል ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፣ ምክንያት። ምክንያታችሁን በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ወሬ ሳይቀድማችሁ ተናገሩ። ፕሮምስ ላይ ሁለት ዓመቶችን አስተያዩ።

በ2001 መዝጊያው የዋለው መስከረም 15 ነው፣ በእኛ መስከረም 5 ቀን 1994። የኒውዮርኩ አደጋ ከደረሰ አራት ቀኑ ነው። ኦርኬስትራውን የሚመራው አሜሪካዊው ሊዮናርድ ስላትኪን ነበር። «ሩል ብሪታኒያ»ን አወጡት፣ በቦታው የሳሙኤል ባርበርን የሐዘን ዜማና የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ማሳረጊያ አስገቡ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ለቅሶ ቤት እስክስታ አይወረድም፣ ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ያወጡትን ቦታ ባዶ አልተዉትም። ያህሉን የሚመዝን ነገር ነው የተኩበት።

በ2020 ደግሞ ኮቪድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ታዳሚ የለም። ኦርኬስትራውም ተራርቆ ነው የሚቀመጠው፣ የምትመራው ፊንላንዳዊቷ ዳሊያ ስታሴቭስካ ናት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ስለ ባርነትና ስለ ቅኝ ግዛት ክርክሩ ጦፏል። «ሩል ብሪታኒያ» ብሪታንያውያን መቼም ባሪያ አይሆኑም የሚል ስንኝ አለው፤ የተጻፈው በ1740 ነው፣ ያኔ አገሪቱ ራሷ በሰው ልጅ ትነግዳለች። ዘፈኑ ሊቀር ነው የሚለውን ጋዜጦች ቀድመው ጻፉት። የፕሮምስ አዘጋጅ የሆነው ቢቢሲ ዜማው ያለ ቃል በኦርኬስትራ ብቻ ይቀርባል አለ፣ ምክንያቱንም በርቀቱና በታዳሚው አለመኖር አስረዳ። ግን ወሬው ቀድሞታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ሳይቀሩ ገቡበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሳኔው ተገለበጠ፣ ጥቂት ዘማሪዎች ቃሉን ዘፈኑት።

የእኔ አስተያየት፣ ግማሽ መንገድ መሄዳቸው ነው የጎዳቸው። ቃሉ ያስከፋል የሚለው ሰው ዜማው ስላልወጣ አልረካም። ቃሉን የሚወደው ሰው ተሰረቅሁ አለ። መቀየር ከፈለጋችሁ ቆርጣችሁ ቀይሩ፣ ካልሆነም ተዉት። ዜማውን ትቶ ቃሉን መንጠቅ ሽሮውን አቅርቦ እንጀራውን መከልከል ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው፤ ሳይቀንሱ መጨመር። በቅርብ ዓመታት የስኮትላንድ፣ የዌልስና የአየርላንድ ዜማዎች መዝጊያው ላይ ይሰማሉ። በ2013 ደግሞ ማሪን አልሶፕ የመዝጊያውን ምሽት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ1895 ጀምሮ ብትቆጥሩ 118 ዓመት ነው። ከተለመዱት ዘፈኖች አንዱም አልተነካም፣ ግን ትልቅ ነገር ተቀየረ። እዚህ ሰሜን ሸዋ እንዲህ ያለውን ለውጥ ሽማግሌ ሳይቀር ይቀበለዋል፤ የነበረውን ስላልነካችሁ።

አዲስ ነገር ስትጨምሩ ግን ቦታውን ምረጡ። በ1995 የሃሪሰን በርትዊስልን አዲስ ሥራ፣ በሳክስፎንና በድራም የሚጮህ ነገር፣ መዝጊያው ላይ አስገቡት። ሰው ባንዲራውን ይዞ የለመደውን ሲጠብቅ ነው የመጣበት። ለቢቢሲ የስልክ መዓት ወረደ። ሥራው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቅቤ ያማረውን ሰው ሎሚ ካጎረስከው ሎሚው ምን አጠፋ።

ቴሌቪዥን ካለ ከዳይሬክተሩ ጋር አስቀድማችሁ ተቀመጡ። በዕለቱ ሳይሆን ከሳምንት በፊት፣ አዳራሹ ውስጥ። «አይቻልም» ሲል «ምን ቢኖር ይቻላል?» በሉት። አምና ይህችን ጥያቄ ጠየቅን። ዳይሬክተሩ ትንሽ አሰበና አንድ መብራት ብቻ፣ ከጋሼ ራስ በላይ፣ ሌላው በሙሉ ይጥፋ አለ። አንድ ቢጫ አምፖል በሽቦ አንጠለጠልን፣ ዙሪያውን በካርቶን ጋረድነው ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ። ሌላውን ካሜራ ከጋሼ ጀርባ ወደ ሕዝቡ አዞረው፣ ስልኮቹ ሲበሩ እንዲይዝ።

ከዛ ለሰው ነገርን። የመግቢያ ወረቀቱ ጀርባ ላይ «ዘንድሮ ጨለማው ውስጥ አንዲት አምፖል ትኖራለች፣ አገር ቤትም ውጭም ያለ ዘመድ እንዲያየን ነው» ብለን ጻፍን። መድረክ መሪዋም መጀመሪያ ላይ ደገመችው። ለጋሼ ቤታቸው ሄደን ነገርናቸው። ቡና ጠጣን፣ ዙሪያ ጥምጥም ተጫወትን፣ ወደ ነገሩ የገባነው በሦስተኛው ስኒ ነው። «አምፖሉ ያሞቀዋል?» አሉ፣ ቆዳውን ማለታቸው ነው። ትንሽ ያሞቀዋል አልናቸው። ተስማሙ። የልጆቹንም ዝማሬ አልጣልነውም፣ ከዕረፍት በፊት አደረግነው። ያለቀሱት ሁለቱ ከፊት ቆመው ዘመሩ፣ ተጨበጨበላቸው።

ከተሳሳታችሁ ቶሎ ተመለሱ። ቢቢሲ እንኳ ተመልሷል። መመለስ የሚያሳፍረው ሲዘገይ ነው፤ እኛ ዓመት ሙሉ ነው የፈጀነው፣ ያ ነበር ከስረዛው የባሰው።

ደግሞ ጨርሶ የምትተዉበት ጊዜም አለ። በ2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ስታርፍ መዝጊያው ሁለት ቀን ነበር የቀረው፣ በእኛ ጳጉሜ 5 ላይ ነበር የሚውለው። ሰረዙት። አላሳጠሩትም፣ አላቀዘቀዙትም። ሰፈራችሁ ላይ ሐዘን ከወደቀ እናንተም እንደዚያው፤ ድንኳን ባለበት መንደር ድምፅ ማጉያ አይተከልም።

አንድ ቀርቶኛል። ማብሪያ ማጥፊያው ጋር ሰው አቁሙ፣ ሙዚቃ የማይወድ ሰው ቢሆን ይመረጣል። አምና ያቆምነው ልጅ ጋሼ ሲጨርሱ መብራቱን ማብራት ነበረበት። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲያዳምጥ ረሳው። ጨለማው ረዘመ፣ ሰው ስልኩን እንዳበራ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ጋሼ ደጋናቸውን አውርደው እጃቸውን አምፖሏ ሥር እያሞቁ ጠበቁ። ዳይሬክተሩን ይቅርታ ልለው ስዞር ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በል አለኝ። ካሜራው እየቀረጸ ነበር።