የአንጎል እብጠትና የውሃ ቦይ፦ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

አኳፖሪን-4 የተባለውን የውሃ ቦይ ፕሮቲን «ፓምፕ» ብለው የሚጽፉልኝ የሕክምና ተማሪዎች በየዓመቱ አይጠፉም። ፓምፕ አይደለም። ጉልበት አያወጣም፣ ውሃውንም ወዴት ሂድ አይለውም። ውሃ ጨው ወደ በዛበት ወይም ግፊት ወደ ገፋው ይሄዳል፤ ቦዩ መንገዱን ያቀልለታል እንጂ።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን የተጎዳ ወጣት 5 በመቶ ግሉኮስ ተሰቅሎለት አገኘሁ። የደም ስኳሩ ደህና ነበር። «ምግብ እንዲሆነው ብዬ ነው፣ ዶክተር» አለኝ ተለማማጁ። ሰውነት ስኳሩን ሲጨርሰው የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፤ የደሙ ጨው ይቀጥናል፣ ውሃውም በዚያው ቦይ ወደ አንጎል ይገባል። አውርጄ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ሰቀልኩ፤ ከዚያ አብረን ተቀምጠን የውሃውን መንገድ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሣልነው።

ስትስሉት ቦዩን ነርቭ ሴል ላይ አታድርጉት፤ በብዛት ያለው አስትሮሳይት የተባለው የነርቭ ሴሎች ደጋፊ ሴል የደም ሥሩን በሚያቅፍበት እግሩ ላይ ነው። እኔም ማስተማር ስጀምር ተሳስቼበታለሁ።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ግን «ቦዩን መዝጋት እብጠትን ይቀንሳል» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አኳፖሪን-4 የሌላቸው አይጦች በውሃ መመረዝ (ከመጠን ያለፈ ውሃ ሰውነት ውስጥ ሲገባ) እና በስትሮክ ጊዜ አንጎላቸው ያበጠው ያነሰ መሆኑ ታየ። አብዛኛው ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ያቆማል። በ2004 ግን እነዚሁ ዓይነት አይጦች የአንጎል ዕጢ ሲኖርባቸው ባሰባቸው! ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አልፈረሰም፤ ውሃው በቦዩ ገብቶ ሴሎቹን ያሳብጣል። በሁለተኛው አጥሩ ያፈስሳል፤ ፈሳሹ በሴሎች መካከል ይጠራቀማል፣ የሚወጣውም በዚያው ቦይ ነው። ጎርፍ የገባበትን ቤት በር ዘግታችሁ ውሃው በየት ይውጣ? በስትሮክ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ታካሚ ላይ ይከተላሉ፤ መጀመሪያ ሴሉ ያብጣል፣ ቆይቶ አጥሩ ይከፈታል። ስለዚህ የማንኛውንም እብጠት ስም ከመጻፋችሁ በፊት ውሃው ሴል ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለውን መልሱ።

ለአንጎል ዕጢ እብጠት የሚረዳውን ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ አይታችሁ ለጭንቅላት ጉዳት ስቴሮይድ አትዘዙ። ከ10,000 በላይ ጉዳተኞች የተሳተፉበት ጥናት በ2004 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ስቴሮይድ ከተሰጣቸው መካከል የሞቱት ካልተሰጣቸው በልጠው ተገኝተዋል።