የፌዴራልን ወጪ በካውንቲ ስትቆጥሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ፦ የሳውዝ ዳኮታ ጉዳይ

አንድ ሰው የአሜሪካዋን ግዛት የሳውዝ ዳኮታን የፌዴራል ወጪ በካውንቲ (ግዛቱ በሚከፋፈልባቸው አስተዳደሮች) ከፋፍሎ ካርታ ሲያሳየኝ ቀድሜ የማየው ሂውዝ ካውንቲን ነው። ከ66ቱ ካውንቲዎች ሁሉ እሷ ደምቃ ከወጣች የቀረውን ለማየት አልቸኩልም። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ነገር አለ።

የግዛቱ ዋና ከተማ ፒር ያለችው ሂውዝ ውስጥ ነው። ፌዴራል መንግሥት ለመንገድ፣ ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የጤና መድን)፣ ለትምህርት ቤት ከሚሰጠው ገንዘብ ብዙው በቅድሚያ የሚገባው ለግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ነው። የእነሱ አድራሻ ደግሞ ፒር ነው። የተቀባዩን አድራሻ ይዞ የሚደምር ሰው የመላውን ግዛት ገንዘብ አንድ ካውንቲ ላይ ይከምረዋል። በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሂውዝ የነበራት ሕዝብ ወደ 17,800 ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ለዚህ ሕዝብ ሲካፈል የሚወጣው የነፍስ ወከፍ ቁጥር ያስደነግጣል። ድግሱ የተሠራበትን ቤት አይቶ፣ የበላው ባለቤቱ ብቻ ነው እንደማለት ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቁጥሩን ያገኘ ሰው ወዲያው ምክንያት ይፈልግለታል። አንድ ጎበዝ ተማሪ በዚሁ ቁጥር ተነስቶ ስለ ፖለቲከኞች አድልዎ ረጅም ሐተታ ጽፎ አይቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ያማረ፣ ክርክሩም የተሰናሰለ ነበር። ግን የተከራከረለት ነገር የለም። የፒር ነዋሪ ያን ገንዘብ አላየውም።

አንድ መስመር በቅርብ እንይ። የፌዴራል ወጪ የሚመዘገብበት ዩኤስኤስፔንዲንግ ድረ ገጽ ላይ አንድ የመንገድ ድጎማ ብትከፍቱ ሁለት የተለያዩ የቦታ ዓምዶች ታገኛላችሁ። አንዱ ገንዘቡን የተቀበለው አካል ያለበት ቦታ ነው። ሌላው ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሂውዝ ይላል። ሁለተኛው በሰሜን ምዕራብ ጥግ ያለችውን ሃርዲንግን ሊል ይችላል። አስፋልቱ የሚፈሰው እዚያ ነዋ! መያዝ ያለባችሁ ሁለተኛውን ነው። እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው። አንዳንዱ ድጎማ ለመላው ግዛት ተብሎ ስለሚመዘገብ የካውንቲው ቦታ ባዶ ነው። ኤክሴል ላይ በካውንቲ ስትደምሩ ያ ገንዘብ ከካርታው ላይ ድምጥማጡ ይጠፋል። ለብቻው አውጡት፣ «ለካውንቲ ያልተከፋፈለ» ብላችሁ ከካርታው ሥር ጻፉት። በሕዝብ ብዛት ማከፋፈል ከፈለጋችሁም ለአንባቢው በግልጽ ንገሩት።

ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ስህተት አለን። ፌዴራል ለክልል፣ ክልል ለወረዳ በቀመር ሲያከፋፍል ስላየን አሜሪካም ሁሉም ነገር በዚያ መንገድ የሚሄድ ይመስለናል። እዚህ ግን ትልቁ ገንዘብ ግዛቱንም ካውንቲውንም ሳይነካ ያልፋል። ከፌዴራል ፕሮግራሞች ሁሉ ትልቁ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ በዋናነት የጡረታ ክፍያ፣ ነው። እሱም በቀጥታ ጡረተኛው አካውንት ውስጥ ይገባል። ወጣቱ ወደ ሱ ፎልስና ወደ ራፒድ ሲቲ ሄዶ ሽማግሌዎች የቀሩበት ካውንቲ በነፍስ ወከፍ ብዙ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ማንም አላደላለትም፤ ነዋሪው አርጅቷል። የዕድሜ ስብጥሩን ሳታዩ ስለ አድልዎ አትጻፉ።

አሁን ልቤን ወደሚነካው ልምጣ። የፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን (ለነባር አሜሪካውያን የተከለለ መሬት) ያለባት ካውንቲ ድሮ ሻነን ትባል ነበር። በ2015 ኦግላላ ላኮታ ተባለች። ስሟ ሲቀየር የፌዴራል መለያ ቁጥሯም ከ46113 ወደ 46102 ተቀየረ። የቆየውን ወጪ ከአዲሱ የሕዝብ ቁጥር ጋር በመለያ ቁጥር የሚያገናኝ ሰው ይህችን ካውንቲ ሳያውቀው ይጥላታል። ኮምፒውተሩ ስህተት አለ አይልም። ካርታው ላይ አንድ ነጭ ቦታ ይቀራል፣ ሰውም ያልፈዋል። የተረሳችው በመላ አሜሪካ ካሉት እጅግ ድሃ ካውንቲዎች አንዷ ናት! ሁለቱን ቁጥሮች በእጃችሁ አስተካክሉ። ሌላ ምንም ሳትነኩ በፊት ይህን ሥሩ።

ካውንቲዋ ካርታው ላይ ስትመለስ ሌላ ስህተት ይመጣል። ቁጥሯ ከፍ ያለ ስለሚሆን «እነዚህ ሰዎች በዕርዳታ ነው የሚኖሩት» የሚል ይነሳል። እባካችሁ አትበሉ። በ1868ቱ የፎርት ላራሚ ስምምነት መንግሥት ለላኮታ ሕዝብ ሐኪም፣ አስተማሪ፣ አናጢና አንጥረኛ እንደሚያቀርብ ፈርሟል። በምላሹ የወሰደው መሬት ነው። ጥቁር ተራሮች የሚባለውን አካባቢ ደግሞ ያለ አግባብ እንደወሰደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ካሳ እንዲከፈል ሲወስን አጽንቷል። ሕዝቡ ካሳውን አልተቀበለም፤ የሚፈልገው መሬቱን ነው። ስለዚህ ፓይን ሪጅ ላለው የፌዴራል ሆስፒታል የሚወጣውን ገንዘብ ከምጽዋት አትቁጠሩት፤ ዕዳ ነው። አካፋዩን፣ ማለትም የሕዝቡን ቁጥርም፣ ጠርጥሩት። በ2020 ቆጠራ በሪዘርቬሽን የሚኖሩ ነባር አሜሪካውያን በአገር ደረጃ 5.64 በመቶ ያህል ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። የሕዝቡ ቁጥር ሲያንስ የነፍስ ወከፉ ያለ አግባብ ያብጣል።

ስለ ትናንሽ ካውንቲዎች። ጆንስ ካውንቲ ውስጥ የሚኖረው ወደ 900 ሰው ነው። አንድ የድልድይ ጥገና ብቻውን ከግዛቱ አንደኛ ሊያደርጋት ይችላል፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ ታች ትወርዳለች። የአንድ ዓመት ደረጃ አታውጡ። የበርካታ ዓመታት አማካይ ውሰዱ። በእርሻ ካውንቲዎች ይህ በጣም ያስፈልጋል። በ2018 እና በ2019 ከቻይና ጋር በተነሳው የንግድ ጦርነት የተነሳ አኩሪ አተር አምራቾች የተለየ ክፍያ አግኝተዋል። በ2020 የወረርሽኙ ክፍያ ተጨመረ። እነዚህን ዓመታት ብቻ ያየ ሰው ገበሬው ሁልጊዜ ያን ያህል የሚያገኝ ይመስለዋል። ሱ ፎልስ ያሉ ወገኖቻችን «ገንዘቡ ሁሉ ለገበሬ ነው አይደል?» ሲሉኝ ከየትኛው ዓመት ቁጥር እንደተነሱ ወዲያው ይገባኛል።

ብድርና መድንን ከወጪ ጋር አትደምሩ። የሰብል መድን ሽፋን ሰብሉ ቢጠፋ መንግሥት ሊደርስበት የሚችለውን ኃላፊነት ያሳያል። የተከፈለ ገንዘብ አይደለም። የፌዴራል ወጪን በካውንቲ ያወጣ በነበረው የድሮው የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሪፖርት ይህ ለብቻው ተቀምጦ ነበር፣ ሰው ግን እየደመረው አስቸግሯል። ያ ሪፖርት በ2010 በጀት ዓመት ያበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ካለው የዩኤስኤስፔንዲንግ ቁጥር ጋር በአንድ መስመር አትቀጥሉት፤ አሰባሰቡ ይለያያል።

የኤልስዎርዝ አየር ኃይል ሰፈር በሚድና በፔኒንግተን ካውንቲዎች ድንበር ላይ ነው ያለው። ገንዘቡ በአንዱ ብቻ ሊመዘገብ ስለሚችል ሁለቱን አንድ ላይ እዩዋቸው።

የፌዴራል በጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፣ የግዛቱ ግን ጁላይ 1። የሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ከማስቀመጣችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ስታዩ ደግሞ ስህተት ነው ብላችሁ አትሰርዙ። ተመድቦ ሳይወጣ የተመለሰ ገንዘብ ነው። ከሰረዛችሁት፣ ያልተሠራውን ሥራ እንደተሠራ ቆጠራችሁት ማለት ነው።