ለእናት ቤት ሶላር ከመግዛታችሁ በፊት

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ እኔ ቨርጂኒያ። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ መሸት ሲል ደግሞ የእሷ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። ደህና ማደሯን የምሰማው መብራት ሲመጣ ነው። ሶላር ላስገባላት የተነሣሁት ለዚህ ነበር። ብዙዎቻችሁም በዚሁ ጭንቀት ውስጥ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ መጀመሪያ የተሳሳትኩትን እና ኋላ ያስተካከልኩትን ልንገራችሁ።

«ሕዳሴው ተመርቆ ሶላር ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደስታው የሁላችንም ነው። እናቴ ሰፈር መብራት የሚያጠፋው ግን ያረጀው መስመርና ከአቅሙ በላይ የተጫነው ትራንስፎርመር ነው።

የመጀመሪያ ስህተቴ ሻጭን «ስንት ኪሎዋት ልግዛ?» ብዬ መጠየቄ ነው። «አምስት ኪሎዋት ቤቱን በሙሉ ይይዛል» አለኝ፣ ብሩን ላክሁ። ገጣሚው ምጣዱን ጭምር ከኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት ከሚቀይረው ማሽን ጋር አገናኘው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። መብራት በሌለበት ቀን እንጀራ በተጋገረ ቁጥር አራቱ ጄል ባትሪዎች ከግማሽ በታች ይወርዱ ነበር፤ ጄል የእርሳስ ባትሪ ዓይነት ነው፣ እሱን ደግሞ እንደዚህ ያለ አጠቃቀም ይገድለዋል። በሁለተኛው ዓመት ቴሌቪዥን እንኳ መያዝ አቃታቸው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቤት ላለው ሰው ደብተር አስይዙ። ታናሽ እህቴ ለሦስት ቀን የበራውን ሁሉ እየጻፈች፣ ከየዕቃው ጀርባ ያለውን ዋት በስልኳ እያነሣች ላከችልኝ። ስድስት አምፑል በ9 ዋት አምስት ሰዓት ሲበራ 270 ዋት-ሰዓት ሆነ (ዋቱ በበራበት ሰዓት ሲባዛ ማለት ነው)። ቴሌቪዥኑ 80 ዋት ነው፣ በአምስት ሰዓት 400። ዋይፋዩ ቀንና ሌሊት 240። ፍሪጁ በቀን 1,000 ያህል። ስልኮቹ ሲጨመሩ ሁለት ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ መጣ። በዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ኢንቨርተሩ ራሱ ምንም ባይጫንበት እንኳ 40 ዋት ያህል ይበላል፤ በ24 ሰዓት አንድ ኪሎዋት-ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ በቀን ሦስት ኪሎዋት-ሰዓት ብላችሁ ያዙ። ምጣዱ፣ ምድጃውና የውኃ ማሞቂያው በቀጥታ በቆጣሪው ይቀጥሉ፤ ገጣሚው ለኢንቨርተሩ የተለየ ማከፋፈያ ሳጥን ይሥራ። «መብራት ሲጠፋም ይጋገርልን» ካሉ ዋጋው ሌላ ዓይነት ነው፤ በግልጽ ተነጋገሩበት።

አሁን ባትሪው። የምመክራችሁ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ በወረቀት 2.4 ኪሎዋት-ሰዓት ቢይዝም ዕድሜው እንዳያጥር የምትጠቀሙት ግማሹን ነው። 25.6 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ግን 5.12 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ አራት ኪሎዋት-ሰዓት ያህሉን ያለ ሥጋት ትጠቀማላችሁ፣ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜም ተሞልቶ ይራገፋል። መጀመሪያ ላይ ውድ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከፍዬ ነው የተረዳሁት። ሐሰተኛውን ለመለየት በሚዛን ጀምሩ። አምስት ኪሎዋት-ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሰው በቀላሉ አንሥቶት የሚሄድ ከሆነ ውስጡ የተጻፈውን ያህል የለውም። ሌላው፣ ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። አዲስ አበባ አያሳስብም። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ግን ባትሪውን በረንዳ ላይ አያስቀምጥም፤ የእኛ ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው ያለው።

ኢንቨርተሩን «ከአሜሪካ ገዝቼ ልላክ» የምትሉ፣ አትቸኩሉ። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ ሀገር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሳዑዲ ያላችሁም እዚያ 60 ኸርዝ መሆኑን አስቡ። በሻንጣ ሊቲየም ይዞ መሄድማ አይሆንም፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። እዚያው ሀገር ቤት፣ ሱቅና ጥገና ካለው አስመጪ ግዙ።

የምትፈልጉት ሃይብሪድ ወይም ኦፍ ግሪድ የሚባለውን፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቀጥለውን፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ያለ ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣውን ነው። ያለ ባትሪ ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ርካሽ ነው ብለው ቢያቀርቡላችሁ አትቀበሉ። ከላይ ላሰላነው ቤት 3 ኪሎዋት በቂ ነው፤ የፍሪጁ መነሻ ጉልበትም አያስቸግረውም። ብዙ አምራቾች የሚጽፉት አቅም እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ማሽኑ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ለአዲስ አበባም፣ ለደብረ ብርሃን ይልቁንም፣ ትንሽ ትርፍ ተውለት።

ፓኔል ስትቆጥሩ ለጥር ሳይሆን ለሐምሌ አስሉ። ባለ 550 ዋት አራት ፓኔሎች በበጋ ቀን ስምንት ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ቢሰጡ፣ ደመናው በከበደበት የክረምት ቀን ወደ ግማሽ ሊወርዱ ይችላሉ፤ የቀኑን ሦስት ኪሎዋት-ሰዓት ለመሙላት ያም ይበቃል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ሐምሌን አያልፉም። የፓኔሎቹን ቮልት ከኢንቨርተሩ ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። አንዳንዱ ኢንቨርተር ከ120 ቮልት በታች ከመጣለት ጨርሶ አይነሣም። ሌላው ከ145 ካለፈ ይቃጠላል፣ በብርድ ጠዋት ደግሞ የፓኔል ቮልት ከፍ ይላል። የእኛ ቤት አራቱ በተከታታይ ተያይዘው 200 ገደማ ያወጣሉ፣ ለዚያ የሚሆን ማሽን መረጥን። ቆርቆሮው ላይ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበሉ። የመብረቅ መከላከያና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ሳይገባ ሥራው አልቋል እንዳትሉ።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትላኩ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ዕቃው ከነደረሰኙና ከነዋስትና ወረቀቱ ቤት ሲገባ፣ ተገጥሞ ሲያልቅ፣ ቀሪው ከአንድ ወር በኋላ። ክፍያው በሰው እጅ ሳይሆን በሱቁ የባንክ ሒሳብ ገባ። ከመክፈሌ በፊት እህቴ የባትሪውንና የኢንቨርተሩን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አነሣችልኝ፤ ዋስትና ሲጠየቅ የሚፈለገው እሱ ነው።

ከዚያ በቪዲዮ ጥሪ ፈተንነው። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም እየሠሩ እህቴ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አጠፋች። ጥሪው አልተቋረጠም። በዚሁ ለአራት ሰዓት ቆየ፤ ባትሪው ከ100 ወደ 88 ወረደ። ይህም ስድስት መቶ ዋት-ሰዓት ያህል ነው፣ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ይስማማል። ወደ 60 ወርዶ ቢሆን ባትሪው የተባለው አይደለም ብዬ የመጨረሻውን ክፍያ እይዝ ነበር።

የኢንቨርተሩ ቅንብር ላይ አንድ ነገር አስተካክሉ። መስመር ላይ መብራት ሲኖር ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ቮልቱን እንዳለ ነው የሚያሳልፉት። ከ90 ቮልት ጀምሮ እንዲቀበል ከተደረገ፣ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር የሚወርደው ቮልት በቀጥታ ፍሪጁ ላይ ይደርሳል። ከ170 ጀምሮ የሚቀበለውን አስመርጡ፤ ከዚያ ሲወርድ ወደ ባትሪ ይዞራል።

የኢንቨርተሩ የዋይፋይ መከታተያ የሚመዘገብበት አካውንት በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። በገጣሚው ስም ከተከፈተ የእናታችሁን ቤት ማሽን የሚያየውና የሚያዘው እሱ ነው። አሁን ወደ ሥራ ስወጣ ስልኬን ከፍቼ የባትሪውን ፐርሰንት አያለሁ። ባለፈው የካቲት ምርቱ ቀን በቀን ሲቀንስ አይቼ ደወልኩ፤ አቧራ ነበር። እህቴ በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ አጠበችው፤ በዚያው ቀን ተመለሰ።