በለንደን ኖርዘርን መስመር መንገድ ሳይስቱ እንዴት እንደሚጓዙ

ለንደንን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጠው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ኖርዘርን መስመር፣ በካርታ ላይ በጥቁር ቀለም የተሰመረ ነው። ቀለሙ አንድ ይሁን እንጂ መሐል ከተማ ላይ መስመሩ ሁለት ነው። ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች የዘረጓቸው ሃዲዶች ካምደን ታውን ላይ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ኬኒንግተን ላይ ደግሞ በ1926 ቢጋጠሙም፣ በእነዚህ ጣቢያዎች መካከል አንደኛው ባንክ በተባለው ጣቢያ፣ ሌላው በቻሪንግ ክሮስ በኩል እንደተለያዩ ቀርተዋል።

ሲገቡ ካርድዎን በሩ ላይ ካለው ቢጫ ክብ ያስጠጉ፤ ሲወጡም ያንኑ ካርድ ይጠቀሙ። በካርድ ገብተው በስልክ ቢወጡ፣ ገንዘቡ ከአንድ ሂሳብ የሚቆረጥ ቢሆንም እንኳ፣ እንደ ሁለት ያልተጠናቀቁ ጉዞዎች ተቆጥሮ ከፍተኛውን ዋጋ ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ። በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በስተቀኝ ይቁሙ።

ዋናው ጥንቃቄ መሳፈሪያው ላይ ነው። ሰሌዳው የመጨረሻውን ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚኬድም ይጽፋል፤ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው ነው። እኔ ከጎልደርስ ግሪን ወደ ለንደን ብሪጅ ስሄድ «ኬኒንግተን» የሚለውን አንብቤ፣ ወደ ደቡብ እስከሄደ ድረስ ያደርሰኛል ብዬ ተሳፈርኩ። ለንደን ብሪጅ ያለው በባንክ በኩል ሲሆን ባቡሩ ግን በቻሪንግ ክሮስ በኩል የሚያልፍ ነበርና ስህተቴ የገባኝ «ዋተርሉ» የሚለውን ጽሑፍ በመስኮት ሳይ ነው። ደንግጬ እስከ ካምደን ታውን ተመለስኩ፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ስህተት ነበር፤ ምክንያቱም ከዋተርሉ በግራጫው ጁብሊ መስመር ለንደን ብሪጅ ሁለተኛው ጣቢያ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ከመመለስዎ በፊት፣ ካሉበት ጣቢያ የሚያልፍ ሌላ መስመር መኖሩን ካርታው ላይ ይመልከቱ። የስልክ መተግበሪያ ይጠቅማል፤ እኔ ግን በየጣቢያው በነጻ የሚገኘውን የወረቀት ካርታ እመርጣለሁ፤ ሁለቱን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን የሚያሳየኝ እርሱ ነው።

ወደ ሰሜን ሲጓዙ ጥያቄው ይለወጣል፤ ከካምደን ታውን ወዲያ መስመሩ ወደ ኤጅዌርና ወደ ሃይ ባርኔት ስለሚከፈል፣ እዚያ የሚታየው የመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። ቀጣዩ ጣቢያ ቾክ ፋርም ከሆነ ወደ ኤጅዌር፣ ኬንቲሽ ታውን ከሆነ ወደ ሃይ ባርኔት እየሄዱ ነው።

ወደ ደቡብ ዘልቀው ወደ ክላፓም ወይም ወደ ሞርደን የሚሄዱ ከሆነ፣ በቻሪንግ ክሮስ በኩል የሚመጡት ባቡሮች አብዛኞቹ ኬኒንግተን ላይ ጉዟቸውን ያበቃሉ ወይም በ2021 ወደተከፈተው የባተርሲ ቅርንጫፍ ይታጠፋሉ። ኬኒንግተን ሲደርሱ ይውረዱና በዚያው መሳፈሪያ ወደ ማዶው ጠርዝ ተሻግረው የሞርደኑን ይጠብቁ፤ ደረጃ መውጣት አያስፈልግም።