ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቆለፉት ሰርቨሮች

ቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ቢሮአችን ሥራ የሚጀመረው 2፡30 ነው። እኔ ግን ቡናዬን ጨርሼ አንሲብልን፣ ማለትም ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ የሚያዋቅረውን መሣሪያ፣ የማስነሳው 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ከስምንቱ ሰርቨሮች ሁለቱ ወይም ሦስቱ በቀይ ይመለሱብኝ ነበር፦ መቆለፊያውን ማግኘት አልተቻለም። መቆለፊያው የኤፒቲ፣ የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ ነው፤ አንዱ ሲጭን ሌላው እንዳይገባ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ ስሞክር ደግሞ ሁሉም ደኅና። ኔትወርኩን ረገምኩ፤ እዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚረገመው እሱ ነው።

የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። መቆለፊያውን የያዘው ፕሮግራም ስም እዚያው አለ። እኔ ዘንድ ጥፋተኛው የሰርቨሮቹ ስርዓተ ክወና ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን በራሱ የሚጭንበት ፕሮግራም ነበር። የሚነሳው በሰርቨሩ ሰዓት ጠዋት 6፡00 ላይ ሲሆን እስከ 60 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን ግን ሰዓቱን የሚሞላው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፤ የዩቲሲ 6፡00 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው! አንሲብል መቆለፊያው እስኪለቀቅ የሚታገሠው፣ ካልነገሩት በቀር፣ 60 ሰከንድ ብቻ።

የመቆለፊያውን ፋይል ለማጥፋት እጃችሁ ቢያሳክካችሁም ተዉት። ማጥፋቱ ሁለት ፕሮግራሞች የጥቅሎቹን (የሚጫኑትን ሶፍትዌሮች) መዝገብ በአንድ ጊዜ እንዲጽፉበት መፍቀድ ነው።

ይልቅ ሰዓቱን አዛውሩት። የሰርቨሩን አገልግሎቶች በሚያስተዳድረው በሲስተምሲቲኤል የማረሚያ ትእዛዝ፣ ማሻሻያውን በሰዓቱ የሚያስነሳውን «ኤፒቲ ዴይሊ አፕግሬድ» የሚባለውን ታይመር ክፈቱ። በታይመር ክፍሉ ሥር ኦንካሌንደር (የመነሻ ሰዓቱ ቅንብር) ብላችሁ የእኩል ምልክት አድርጉና ከምልክቱ በኋላ ምንም አትጻፉ። በሚቀጥለው መስመር ኦንካሌንደርን ደግማችሁ 23፡00 ስጡት፤ ይህም ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ባዶው መስመር የተረሳ ይመስላል፣ ነገር ግን ያለ እሱ አዲሱ ሰዓት አሮጌውን አይተካም፤ ይጨመርበታል። እኔ ዘልዬው ማሻሻያው በቀን ሁለቴ ሲነሳ ሰነበተ። የታይመሮቹን ዝርዝር አስወጥታችሁ ቀጣዩን ሰዓት በዓይናችሁ እዩ።

ይህን ሁሉ በስምንት ሰርቨር ላይ በእጅ አትድከሙበት፤ ፋይሉን አንሲብል ራሱ ያስቀምጠው፣ ዘጠነኛው ሲመጣ አይረሳም። በአንሲብል የኤፒቲ ሞጁል ውስጥ ደግሞ የመቆለፊያውን መጠበቂያ ወደ 600 ሰከንድ ከፍ አድርጉ። ታይመሩ ያመለጠውን ቀጠሮ ሰርቨሩ ሲነሳ ያካክሳልና፣ መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ጠዋት 2፡45 ላይ ሲመጣ ማሻሻያውና አንሲብል እንደገና በር ላይ ይገናኛሉ።