ከጣና አሳ ጋር ወይን ለምትጠጡ

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት፤ ወይን ስትገዙ ይሄን አትርሱ። «ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም» የሚባለውን ነገር እዚህ ተዉት። ቀኑን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ሲሞቅ የዋለ ጉደር (ቀይ ወይን ነው) ስትከፍቱት መጀመሪያ አፍንጫችሁን የሚመታው አልኮሉ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ አስገብታችሁ ብትቀምሱት ግን ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ሌላ ወይን ነው የሚመስለው። ነጩ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። መስኮት ዳር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ቅናሽ ቢኖረውም አታንሱ።

ለተጠበሰ ቆረሶ አሳ አዋሽ ክሪስታል ይበቃል። ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ ስለሆነ ከሎሚው ጋር ይስማማል። ቀይ ከአሳ ጋር ብዙ ጊዜ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል፤ ያኔ አሳውን አትውቀሱ። አሳ ጎላሹ በርበሬ የበዛበት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። በርበሬ ደረቁን ቀይ መራራ ያደርገዋል፣ ማቃጠሉም ይብሳል። ስለዚህ ከዝዋይ የሚመጣውን መጠነኛ ጣፋጭ ወይን፣ አካሽያ ሚዲየም ስዊትን፣ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ሞክሩ። አክሱሚት ለኔ ስኳሩ ይበዛብኛል፣ ከምግብ በኋላ ግን አልጠላውም። ለሥጋ ጥብስ ከሆነ ቀዩ ሪፍት ቫሊ ሲራ።

ለምርቃት ስፓርክሊንግ (አረፋ ያለው ወይን) የምትገዙ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። «ብሩት» ካለ ስኳሩ ትንሽ ነው። ጣፋጭ የሚወዱ አክስቶች ካሉ «ዴሚ ሴክ» የሚለውን ፈልጉ። በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቱት፤ ቡሹን በጨርቅ ጭምቅ አድርጋችሁ ያዙና ጠርሙሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ አፉን ከሰው ፊት መልሳችሁ። ቡሽ ማስፈንጠር ለቪዲዮ ያምራል፣ ግን ግማሹ ወለል ላይ ነው የሚቀረው።